ከአራስ ቤት እስከ ሜዳ፦ እናቶች ወደ ስፖርት የሚመለሱት በማን ትከሻ ነው?

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ማለዳም ኾነ ረፋድ ሰው አያጣም። ማለዳ ሽቅብ የሚወጡት ሯጮች ናቸው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ተራራ ስስ አየር የረጅም ርቀት ሯጮች ልብና ሳንባ ማጠንከሪያ ኾኖ ቆይቷል። ቁልቁል የሚወርዱት ደግሞ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ፣ ከክብደቱ የተነሳ አንገታቸውን ቀና ማድረግ የተሳናቸው እናቶች ናቸው።

በሁለቱም ወገን ወልደው የሳሙ አሉ። አንዷ ወደ ተራራው የምትመለሰው በአሠልጣኝ ዕቅድና በሐኪም ምክር ነው፤ ሌላዋ የምትመለሰው የቤቷ ምድጃ ስለሚጠብቃት ነው። በሁለቱ ፊት የተደቀነው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ከወሊድ በኋላ የእናት ሰውነት ወደ ቀድሞ አቅሙ የሚመለሰው መቼ ነው? እርሷ ስትሠራ ወይም ስትሮጥ ሕፃኑን ማን ይይዝላታል? እስክትመለስስ ድረስ ቦታዋን ማን ይጠብቅላታል?

ይህ ጥያቄ ባለፉት ዓመታት የዓለምን ስፖርት በብርቱ ፈትኗል። በሩጫ፣ በእግር ኳስ፣ ከዚያም ዐልፎ አካል ከአካል በሚላተምበት በራግቢ ሜዳ ሳይቀር ወልደው የተመለሱ እናቶች የስፖርት ተቋማትን ደንብ አስለውጠዋል። ኢትዮጵያም ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለችም፤ ወልደው የተመለሱ አትሌቶቿ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይሰለፋሉ።

የአራስ ወግ፣ የቆየ የመደጋገፍ ሥርዓት

በኢትዮጵያ እናትን ከወሊድ በኋላ መደገፍ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤቱ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ይሰበሰባል። ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይሞቃል፣ እናት ወይም ታላቅ እህት ከያለችበት መጥታ የአራስ ቤቱን ጓዳ ትረከባለች። አራሷ ውኃ እንዳትቀዳ፣ ከባድ እንዳታነሳ፣ ብርድ እንዳያገኛት ይጠነቀቁላታል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። እስከዚያ ያለው ጊዜ በብዙ ቤት እናቲቱ የምታርፍበት ነው።

ይህ ወግ ጥልቅ ማስተዋል አለበት። እናትን ብቻዋን አይተዋትም፤ ዕረፍቷንም እንደ ስንፍና አይቆጥርባትም። ክፍተቱ የሚፈጠረው ከክርስትናው ማግስት ነው። ጠያቂው ወደየቤቱ ይበተናል፣ ከገጠር የመጣችው እናት ወደ ቀዬዋ ትመለሳለች። አራሷም ከሕፃኗ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። በተለይ ዘመድ በሌለበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት የከተማ ሕይወት ይህ ብቸኝነት ይበረታል።

ብቸኝነቱ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ በዓለም ላይ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ ከእነዚህም ዋነኛው ድባቴ ነው። በታዳጊ አገራት ቁጥሩ ከፍ ብሎ 19 ነጥብ 8 በመቶ ይደርሳል። ከአምስት እናቶች አንዷ እንደማለት ነው። የሰው ድጋፍ ማጣት ለዚህ ችግር ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ሲኾን፣ የሰውነት እንቅስቃሴና የሌሎች እናቶች ጓደኝነት ደግሞ ጫናውን ከሚያቀልሉት መካከል ይጠቀሳሉ።

ሰውነት የራሱ የጊዜ ቀመር አለው

በእርግዝና ወቅት የሴት ሰውነት ሪላክሲን የተባለውንና ሌሎች ሆርሞኖችን በብዛት ያመነጫል። እነዚህ ሆርሞኖች መጋጠሚያዎችን የሚያስሩትን ጅማቶች ያላላሉ። የሆድ ጡንቻዎች ይሳባሉ፣ ከመሐል ግራና ቀኝ ይለያያሉ። ፊኛን፣ ማሕፀንንና አንጀትን ከታች ደግፈው የያዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ዘጠኝ ወር ሙሉ ክብደት ይሸከማሉ፤ በምጥ ጊዜም እጅግ ይለጠጣሉ። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ በዚህ ላይ የሆድ ቁስሏ እስኪሽር መጠበቅ ይኖርባታል።

እነዚህ ክፍሎች ሳይጠነክሩ መሮጥ ወይም ከባድ ማንሳት መዘዝ አለው። በሩጫ፣ በሳልና በዝላይ ጊዜ ሽንት ማምለጥ፣ የጀርባና የዳሌ ሕመም፣ ሲብስም የማሕፀን ወደ ታች መውረድ ይከተላል። ብዙ እናቶች ይህንን "የወለደች ሴት ዕጣ ነው" ብለው በሐፍረት ይደብቁታል። በጊዜ ሲደረስበት ግን አብዛኛው በጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና በሕክምና የሚሻሻል ችግር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የብሪታኒያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ያሳተሙት መመሪያ፣ እናት ወደ ሩጫ መመለስ ያለባት ቢፈጥን ከወለደች ከሦስት ወር በኋላ እንደኾነ ይመክራል። ከዚያ በፊት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን ማጠንከር፣ በእግር መጓዝና ቀላል እንቅስቃሴ ይቀድማሉ። ሦስት ወርም ቢኾን ለሁሉም የሚሠራ አይደለም፤ ሽንት የሚያመልጣት፣ በዳሌዋ ክብደት የሚሰማት ወይም ደም የሚፈስሳት እናት ሐኪም ሳያያት መጀመር የለባትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ የሚከለክላቸው የጤና ችግር የሌለባቸው ነፍሰ ጡሮችና የወለዱ እናቶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መክሯል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ከዚህ ይቆጠራል።

ጡት ማጥባትም ከስፖርት ጋር አይጣላም። መጠነኛ እንቅስቃሴ ወተት አያደርቅም። የምታጠባ እናት ግን በቂ ምግብና ውኃ ማግኘት አለባት፤ በእጦት ላይ የሚጨመር ልምምድ እርሷን ያዳክማታል።

ወልደው የነገሡ

የኢትዮጵያ ስፖርት ይህንን ጉዞ ቀድሞ ያየው በአትሌት ደራርቱ ቱሉ ነው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ኾነች። በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ አራተኛ ወጣች፤ በ1998 ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። በዚያ ዘመን ብዙዎች ወሊድን የሴት ሯጭ መጨረሻ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ደራርቱ ግን በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ30 ደቂቃ ከ17 ነጥብ 49 ሰከንድ ርቀቱን በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አጠናቅቃ ዳግም ወርቅ አጠለቀች። በቀጣዩ ዓመት በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ወርቁን፣ በለንደን ማራቶን ድሉን ደረበች።

ታሪኳ በዚያ አላበቃም። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ፣ በ2009 በ37 ዓመቷ በኒውዮርክ ማራቶን ተሰለፈች። ከተፎካካሪዎቿ አንዷ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ነበረች። እርሷም እናት ናት፤ በ2007 ልጅ በወለደች በአስር ወሯ ይህንኑ ውድድር አሸንፋለች። በ2009ኙ ውድድር ራድክሊፍ በሕመም ምክንያት ከመሪዎቹ ወደ ኋላ ስትቀር፣ ደራርቱ ዞር ብላ እየተመለከተች አብራት እንድትቀጥል ማበረታታቷ በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል። ራድክሊፍ አራተኛ ኾና ጨረሰች፤ ደራርቱ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አሸነፈች። በውድድር መሐል ለተፎካካሪ የተሰጠው ያ ማበረታቻ ዛሬም ከድሉ እኩል ይነሳል።

አትሌት ጥሩነሽ ዲባባም በ2015 የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር ገደማ በኋላ በሪዮ ኦሊምፒክ ተመልሳለች። በ10 ሺህ ሜትር ሦስተኛ ኾና ነሐስ ያጠለቀችበት 29 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ፣ በ2008 በቤጂንግ ወርቅ ካጠለቀችበት ሰዓት የፈጠነ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቺካጎ ማራቶንን አሸንፋለች። ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን በ2018 ወልዳ በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒኮች በ1 ሺህ 500 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ፣ ጃማይካዊቷ ሼሊ-አን ፍሬዘር-ፕራይስ በ2017 ወልዳ በ2019 በዶሃ የ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ኾናለች።

እነዚህ ድሎች ወሊድ አቅምን እንደማይሽር አስመስክረዋል። ኾኖም የሚያሳስትም ገጽ አላቸው። የተመለሱትን እንጂ ሳይመለሱ የቀሩትን አያሳዩም። ዝናም ገቢም የሌላት ወጣት ሯጭ ወልዳ ስትመለስ ሞግዚት የምትቀጥርበት፣ ሐኪም የምታማክርበት፣ ዓመት ሙሉ ያለ ውድድር የምትኖርበት ገንዘብ ከየት ታገኛለች? ስለዚህ ጽናት ብቻውን መልስ አይኾንም፤ ደንብና የሰው እጅ ያስፈልጋል።

ራግቢ ምን ያስተምራል?

ራግቢ በኢትዮጵያ ብዙ የሚታወቅ ጨዋታ አይደለም። በሙሉው ዓይነት አንድ ቡድን 15 ተጫዋቾች ያሰልፋል፤ በሰባት ሰው የሚካሄደው አጭሩ ዓይነት ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። የጨዋታው አንድ ሕግ ለዚህ ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ኳስ በእጅ ወደ ፊት መወርወር አይፈቀድም። ወደ ፊት የሚኬደው ኳሱን ይዞ በመሮጥ ወይም በእግር በመምታት ነው። ተይዛ የምትወድቅ ተጫዋች ኳሱን ማቀበል የምትችለው ከጎኗ ወይም ከኋላዋ ለተከተለቻት ብቻ ነው። ከኋላ የሚደርስ ከሌለ ኳሱ ይነጠቃል። ስለዚህ በራግቢ ከኋላ መከተልና መደገፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አካል ከአካል የሚላተምበት ስፖርት በመኾኑ፣ ነፍሰ ጡር ተጫዋች ከሜዳ የምትወጣው ከሯጭ ቀድማ ነው፤ መመለሱም ይከብዳታል። የእንግሊዝ ራግቢ ኅብረት ይህንን ከግምት አስገብቶ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ለኮንትራት ተጫዋቾቹ አዲስ ፖሊሲ አውጥቷል። በዚህም ተጫዋቿ ለ26 ሳምንታት ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ ታገኛለች፤ እርጉዝ ሳለች ከግጭት የራቀ ሌላ ሥራ ሊሰጣት ይችላል፤ ስትመለስም ሕፃኗ 12 ወር እስኪሞላው ከነተንከባካቢው ከቡድኑ ጋር እንዲጓዝ ይመቻችላታል።

የፖሊሲው የመጀመሪያ ተጠቃሚ አቢ ዋርድ ነበረች። በሐምሌ 2023 ወልዳ ከ17 ሳምንታት በኋላ ለክለቧ ብሪስቶል ቤርስ ተሰለፈች። በ2025 ደግሞ በለንደኑ ትዊክንሃም ስታዲየም እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ 13 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስታነሳ የቡድኑ አባል ነበረች። ፍጥነቱ ለሁሉም መለኪያ አይኾንም፤ ከጀርባዋ ሐኪም፣ የአካል ብቃት ባለሙያና የማይቋረጥ ደመወዝ ነበሩ። ለተራ እናቶች የሚቀርበው ሌላው የራግቢ ዓይነት ነው። በዚህ ጨዋታ ተጋጣሚን በእጅ መንካት እንጂ መጣል የለም፤ በብዙ አገራት ሴቶች ለጤናና ለጓደኝነት ይጫወቱታል።

ሌሎች ስፖርቶችም ወደዚሁ አቅጣጫ ተጉዘዋል። የዓለም እግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን ፊፋ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጫዋቾች ቢያንስ 14 ሳምንታት የወሊድ ፈቃድ፣ ከደመወዛቸው ሁለት ሦስተኛው እየተከፈላቸው እንዲያገኙ ደንግጓል። አይስላንዳዊቷ ሳራ ቢዮርክ ጉናርስዶቲር በዚህ ደንብ ላይ ተመሥርታ የቀድሞ ክለቧን ከስሳ፣ በእርግዝናዋ ጊዜ ያልተከፈላት ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፈላት ተወስኖላታል። በአትሌቲክስ ደግሞ አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስና ባልደረቦቿ በ2019 የትጥቅ ኩባንያዎች ለነፍሰ ጡር አትሌቶች ክፍያ እንደሚቀንሱ በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ፣ ናይኪ በዚያው ዓመት የአትሌቶቹን ክፍያ በእርግዝና ዙሪያ ለ18 ወራት የሚጠብቅ ውል አስገብቷል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክም በአትሌቶች መንደር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕፃናት ማቆያ ተከፍቷል።

ከእነዚህ ለውጦች ሁሉ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ደንቦቹ የተገኙት እናቶች እርስ በርስ ተናበው አንድ ላይ በመናገራቸው ነው። አንዷ ያስከፈተችው በር ለሚቀጥሉት ኹሉ ክፍት ይኾናል።

ወደ ጉለሌ ሲመለሱ

ይህ ኹሉ ለጉለሌ እናት ምን ትርጉም አለው? መልሱን ከእንጦጦ ቁልቁለት መጀመር ይቻላል። ከተራራው ጭራሮና ቅጠል እያወረዱ የሚሸጡ ሴቶች ድካም የአዲስ አበባ የረጅም ዘመን ገጽታ ነው። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ክብደት ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ ብዙ ነው። ከባድ ሸክም፣ በተለይ ሰውነት ከወሊድ ሳይጠገን ሲጀመር፣ ለማሕፀን መውረድ እንደሚያጋልጥ በሕክምናው ዘርፍ የታወቀ ነው። ለእነዚህ እናቶች "ከሦስት ወር በፊት አትሩጪ" የሚለው ምክር በቂ አይደለም፤ ዕረፍቱን የሚያስችል ገቢ ያስፈልጋቸዋል።

እናቶቹ ራሳቸው መንገድ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዓለም የሥራ ድርጅት ድጋፍ የተደራጁት የቀድሞ የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች፣ ሸክሙን ትተው ሽመናንና የዕደ ጥበብ ሥራን መተዳደሪያ አድርገዋል። ለብቻ የተሸከሙትን በማኅበር ማውረድ እንደሚቻል የሚመሰክር ነው።

ሕጉም መነሻ ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባትም ሦስት ተከታታይ ቀናት ፈቅዷል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ክፍተቱ ቀጣሪ የሌላቸው እናቶች ጋ ነው። በራሷ ወጪ የምትሮጥ አትሌት፣ በየመንደሩ ጉሊት ያላት እናት፣ እንጨት የምትሸከም ሴት ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናቸው።

ለእነርሱ የቀረበው ድጋፍ ጎረቤት ነው። በየሰፈሩ እድር፣ እቁብና የጽዋ ማኅበር አለ። ሴቶች ተራ ጠብቀው ገንዘብ እንደሚሰበስቡ ኹሉ፣ ተራ ጠብቀው ሕፃናትን መያዝ አይከብዳቸውም። አምስት እናቶች ቢደራጁ ሁለቱ ሕፃናቱን ሲጠብቁ ሦስቱ ለአንድ ሰዓት ያህል መራመድ ይችላሉ፤ በማግስቱ ተራው ይዞራል። ለዚህ ጂምናዚየም አይጠይቅም። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልና የየሰፈሩ ሜዳዎች ለእግር ጉዞና ለቀላል እንቅስቃሴ ይመቻሉ። ግብ ለሚሹ ደግሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚዘጋጀው የሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። በማርች 8 ሰሞን በሚካሄደው በዚህ ውድድር ሯጯም፣ ተራማጇም፣ እናትና ልጅም አብረው ይሰለፋሉ።

መጀመሪያው ላይ ግን ጤና ይቀድማል። ከወሊድ በኋላ ያለውን ክትትል ሳያቋርጡ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ የሽንት ማምለጥንም ኾነ የከበደ ሐዘንን ሳይደብቁ መናገር፣ በእግር ጉዞ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል። ባልም ድርሻ አለው። ሕፃኑን ለአንድ ሰዓት መያዝ ለሚስት የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ የአባትነት ሥራ ነው።

የአራስ ወግ እናትን 40 ወይም 80 ቀን እንዴት መያዝ እንደሚገባ ጠንቅቆ ያውቃል። የቀረው ያንኑ እጅ ከክርስትናው በኋላ ላሉት ወራት መዘርጋት ነው። ገንፎ ይዛ የመጣችው ጎረቤት በአራተኛው ወርም በሩን ብታንኳኳ፣ ሕፃኑን ተቀብላ "ውጪ፣ ትንሽ ተራመጂና ተመለሺ" ብትል፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው መንገድ ላይ አንዲት እናት ትጨመራለች።